የዝናብ ውሃ ማጣሪያ እንዳይደፈን ጥንቃቄው ከጣሪያ ይጀምራል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በመካኒሳ፣ በሐምሌ ወር ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲሰማ ባልዲና ሳፋ ይዞ ወደ አሸንዳው ሥር መሮጥ የቆየ ልማድ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤተሰብ ከዚህም አልፎ፣ ሕዝቡ «ሮቶ» የሚለውን የፕላስቲክ ታንከር ገዝቶ ወይም የሲሚንቶ ገንዳ አሠርቶ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ለበጋ ያጠራቅማል። ውሃው ወደ ታንከሩ ከመግባቱ በፊት እንዲጣራም አሸዋና ጠጠር የተሞላ በርሜል ከታንከሩ በላይ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ታንከር መትከል የሥራው ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማጠራቀሚያ በጥቂት እፍኝ ቅጠልና በአንድ ጣሳ አፈር ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ቀስ በቀስ በመሆኑም ቶሎ ልብ የሚለው ሰው አይገኝም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአበው አነጋገር ለማጣሪያም ይሠራል።

ይህ ጉዳይ የከተማ ነዋሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ በገጠሩ የአገራችን ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘንና የገበሬ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ በመካኒሳ ግቢዎች የሚያጋጥመው ችግርና መፍትሔው ለገበሬ ማኅበር መሪዎችም ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ

የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህችን ሒሳብ የያዘ ሰው የጣሪያውን ስፋት ለክቶ የሚያገኘውን ውሃ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በመካኒሳ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይወሰድ። አባወራው፣ እማወራዋና ሦስት ልጆች፣ በጠቅላላው አምስት ነፍስ ናቸው። የቤታቸው ጣሪያ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ሲሆን በሁለቱም ወገን አሸንዳ ተገጥሞለታል። ዓመቱን ሙሉ 1,100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በዚህ ጣሪያ ላይ 52,800 ሊትር ያርፋል። የሚረጨው፣ የሚተነውና ከአሸንዳ የሚያመልጠው አንድ አምስተኛው ቢቀነስ እንኳ 42,000 ሊትር ገደማ ሊያዝ ይችላል።

ይህ ቤተሰብ ያለው ታንከር 5,000 ሊትር የሚይዝ ነው እንበል። ውሃውን ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ቢያውለውና ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢመድብ የቀን ፍጆታው 25 ሊትር ይሆናል። በዚህ አኳኋን የሞላ ታንከር 200 ቀን ያገለግላል። በመስከረም መጨረሻ የሞላው ታንከር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያደርሳል ማለት ነው። በአንጻሩ ልብስ ማጠቢያውም ገላ መታጠቢያውም ከዚሁ ይሁን ተብሎ በቀን 100 ሊትር ቢቀዳ በ50 ቀን ያልቃል።

20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ብርቱ ዝናብ ከዚሁ ጣሪያ 768 ሊትር፣ ማለትም 38 ጀሪካን ያህል ውሃ ያወርዳል። ሰባት እንዲህ ያሉ ዝናቦች ታንከሩን ይሞሉታል። ማጣሪያው ተደፍኖ ከሆነ ግን 38ቱ ጀሪካን በርሜሉ አፍ ላይ ሞልቶ በግድግዳው ሥር ወደ መንገድ ይፈሳል። በጥር ወር በገንዘብ የሚገዛው ወይም ከሩቅ የሚቀዳው ይኸው በሐምሌ የፈሰሰው ውሃ ነው።

በመካኒሳ በኩል የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ቆሻሻ የተበከለ መሆኑ በልዩ ልዩ ጥናቶች የታወቀ ነው። በዳርቻው አትክልት ያለሙ ገበሬዎችም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ውሃ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ወንዝ አጠገብ መኖር ንጹሕ ውሃ ማግኘት አለመሆኑን ከመካኒሳ ነዋሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከሰማይ የሚወርደውን ማባከን የማይገባውም ለዚህ ነው።

ማጣሪያው እንዴት ይደፈናል?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ረጅም የበጋ ጊዜ ጣሪያው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከመንገድና ከግንባታ ቦታ የሚነሣ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ ጥላሸት፣ የቆርቆሮ ዝገትና የሞቱ ነፍሳት ይከማቹበታል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ያራግፋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጭንና ረጅም በመሆኑ በሰፊ ወንፊት አሾልኮ ይገባል፤ በአሸንዳው ውስጥ ተነባብሮ እንደ ምንጣፍ ይሆናል፤ በውሃ ሲዘፈዘፍም ውሃውን እንደ ሻይ ያቀላዋል።

በበልግ ወይም በሰኔ መግቢያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ታጥቦ ወደ ማጣሪያው ይወርዳል። አሸዋው የተቻለውን ይዞ ያስቀራል። በላዩም ላይ ስስ የጭቃ ልባስ ይጋገራል። በሚቀጥለው ዝናብ ልባሱ ይወፍራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሃው በአሸዋው ላይ እንደ ኩሬ ይቆማል።

በዚህን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው፣ አባወራው ብረት ወይም እንጨት አንሥቶ አሸዋውን መውጋቱ ነው። ውሃው ለጊዜው ይሰርጋል፤ ነገር ግን ጭቃው ከላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሸዋና ጠጠሩ ይደባለቃል፤ በመካከላቸው ያለው ወንፊትም ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ላዩን በመጥረግ ብቻ ማጽዳት አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ይኸውም «ዝናቡ ሳያልፍ ታንከሩ ይሙላ» በማለት አሸዋውን አውጥቶ ጥሎ ውሃውን በቀጥታ ወደ ታንከሩ መልቀቅ ነው። ታንከሩ በእርግጥ ይሞላል። የወፍ ኩሱና ቅጠሉ ግን አብሮ ይገባል። በኅዳር ወር ውሃው ይሸታል፤ ከታች ደለል ይተኛል፤ ከዚያ የጠጡ ልጆችም ለተቅማጥ ይጋለጣሉ። ውሃ እንዳይታጣ ተብሎ የተደረገው ነገር ለሕክምና ወጪ ይዳርጋል።

ደቃቅ አሸዋ የሚያስከትለው ችግር

አንዳንድ ሰዎች አሸዋው በደቀቀ መጠን ውሃው የበለጠ ይጠራል ብለው ያስባሉ። አስተሳሰቡ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ደቃቅ አሸዋ ጥሩ አድርጎ ያጣራል፤ ይሁን እንጂ እጅግ ቀስ ብሎ ነው። 57 ሳንቲ ሜትር ያህል የአፍ ስፋት ባለው ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ በደቃቅ አሸዋ የተሠራ ዝግተኛ ማጣሪያ በሰዓት 50 ሊትር ያህል ቢያሳልፍ ነው። ብርቱ ዝናብ ግን በደቂቃ 1 ሚሊ ሜትር የሚወርድበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ከ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ይመጣል። በደቂቃ 40 ሊትር የሚመጣበት፣ በሰዓት 50 ሊትር የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሳይቆሽሽም የተደፈነ ያህል ነው።

ስለዚህ ከጣሪያ በቀጥታ ውሃ የሚቀበለው በርሜል ሻካራ አሸዋ ያስፈልገዋል። የአሸዋው ቅንጣት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። አደራደሩም ከታች ወደ ላይ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጠጠር 15 ሳንቲ ሜትር፤ በላዩ እንደ ሽንብራ ያለ ደቃቅ ጠጠር 10 ሳንቲ ሜትር፤ ከዚያ ሻካራ አሸዋ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይነጠፋል። በየንብርብሩ መካከል የናይሎን ወንፊት ቢገባ ለማጽዳት ያመቻል። ውሃው ሲወርድ አሸዋውን እንዳይቆፍረው በላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል። ከአሸዋው በላይም ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው አለበት።

አሸዋው ከመግባቱ በፊት መታጠብ ይኖርበታል። መታጠቡንም ለመፈተን አንድ እፍኝ አሸዋ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጎ በደንብ መነቅነቅና ማስቀመጥ በቂ ነው። ውሃው ደፍርሶ ከቆየ ወይም ከአሸዋው በላይ የጭቃ ልባስ ከተኛ እንደገና መታጠብ አለበት። ያልታጠበ አሸዋ የሚደፍነውን ነገር ይዞ የሚገባ አሸዋ ነው።

መከላከያው በአራት ቦታ ነው

ማጣሪያ የመጨረሻው ዘበኛ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከእሱ በፊት ያሉት ሥራቸውን ካልሠሩ እሱ ብቻውን ሊቋቋም አይችልም። ስለዚህ መከላከሉ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይከናወናል።

የመጀመሪያው ቦታ ጣሪያው ነው። በጣሪያው ላይ ያንዣበበ ቅርንጫፍ ቢያንስ 2 ሜትር እስኪርቅ ድረስ መቆረጥ አለበት። በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ጣሪያው በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል። መሰላሉን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ማንም ወደ ጣሪያ መውጣት የለበትም።

ሁለተኛው ቦታ አሸንዳው ነው። አሸንዳ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ቱቦ ካዘነበለ ውሃ አይቋጥርም። ውሃ የሚቋጥር አሸንዳ ቅጠል ያበሰብሳል፤ ትንኝም ያራባል። ወደ ቱቦው በሚገባበት አፍ ላይ የሚደረገው ወንፊት ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ ቅጠል ይከማችበታል። አዘንብሎ ከተሠራ ግን ቅጠሉ ተንሸራቶ በራሱ ይወድቃል። በመጀመሪያ ሰፋ ያለ፣ ቀጥሎም በበርሜሉ አፍ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ማድረግ ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛው ቦታ የመጀመሪያውን ዝናብ ማስወገጃው ነው። ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር የመጀመሪያ ውሃ መጣል አለበት። በምሳሌው ላለው 48 ካሬ ሜትር ጣሪያ 24 ሊትር ማለት ነው። ለዚሁ ሥራ በመውረጃው ቱቦ ላይ ጫፉ የተከደነ ሌላ ቱቦ ወደ ታች ይቀጠላል። ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በ1 ሜትር ርዝመት ስምንት ሊትር ተኩል ያህል ስለሚይዝ 3 ሜትር ቱቦ ይበቃል። ቆሻሻው ውሃ በቅድሚያ ይህን ቱቦ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠራ ያለው ውሃ ወደ ማጣሪያው ያልፋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከታች ያለው ክዳን ተከፍቶ ቆሻሻው ይፈሳል። ክዳኑን መክፈት የረሳ ሰው ለሚቀጥለው ዝናብ ማስወገጃ የለውም። ከረጅም በጋ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ ይህም ስለማይበቃ፣ ቱቦውን ከበርሜሉ አላቅቆ የዚያን ዕለት ውሃ በሙሉ ለአትክልት መልቀቅ ይሻላል።

አራተኛው ቦታ ክዳኑ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው አሸዋ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅላል፤ ይህም እንደ ጭቃው ይደፍናል። ስለዚህ በርሜሉም ታንከሩም ብርሃን የማያስገባ ክዳን ሊኖራቸው ይገባል። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቱቦ መጥበብ የለበትም፤ አፉም በትንኝ ወንፊት ይሸፈናል። በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የሚወደው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኑ ታውቋል። መካኒሳ ከፍተኛ ቦታ በመሆኑ የወባ ስጋቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ በቆላና በወይና ደጋ ለሚገኙ ማኅበራት ግን ያልተከደነ ታንከር የበሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የማጽዳቱ አሠራር

ማጣሪያው መቼ መጽዳት እንዳለበት በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ይቻላል። በርሜሉ አዲስ ተሠርቶ ሳለ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ፈሶበት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ተመዝግቦ በበርሜሉ ላይ በቀለም ይጻፋል። ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ይኸው ፈተና ይደገማል። ጊዜው እጥፍ ሲሆን የማጽጃው ቀን ደርሷል። ውሃው በአሸዋው ላይ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. የመውረጃው ቱቦ ከበርሜሉ ይለያል፤ ከበርሜሉ ወደ ታንከሩ የሚወስደው መስመርም ይዘጋል።

2. ወንፊቱ ወጥቶ በቡርሽና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የተቀደደ ከሆነ ይለወጣል እንጂ አይጣፍም።

3. ከላይ ያለው አሸዋ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በአካፋ ወይም በጣሳ ተጠርጎ ይነሣል። ከሥር ያለው አይነካም።

4. የተነሣው አሸዋ በባልዲ ውስጥ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ እየታሸ ይታጠባል። ሳሙናና ኦሞ መጨመር አይገባም፤ ከአሸዋው በቀላሉ የማይለቁ በመሆናቸው ወደሚጠጣው ውሃ ይገባሉ።

5. አሸዋው በንጹሕ ሸራ ላይ ፀሐይ መትቶት ከደረቀ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ላዩም ይስተካከላል።

6. በመጨረሻ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ፈሶበት ከታች የሚወጣው ይጣላል። ጠርቶ ሲወጣ ብቻ መስመሩ ወደ ታንከሩ ይከፈታል።

ይህ በክረምቱ ውስጥ የሚደረገው ቀላሉ ጽዳት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ወር፣ ንብርብሩ በሙሉ ይወጣል። አሸዋው ለብቻ፣ ደቃቁ ጠጠር ለብቻ፣ ትልቁ ጠጠር ለብቻ በልዩ ልዩ ሸራ ላይ ተደርገው ይታጠባሉ፤ ሳይደባለቁም በየቦታቸው ይመለሳሉ። ከሰል የተጨመረበት ማጣሪያ ከሆነ አሮጌው ከሰል ተጥሎ በአዲስ ይተካል። የደቀቀ ከሰል ራሱ ማጣሪያውን የሚደፍን በመሆኑ ትቢያው ታጥቦ መውጣት ይኖርበታል።

የታንከሩ ደለል የሚወጣውም በዚያው ወር፣ ውሃው ሊያልቅ ሲል ነው። የተዘጋ ታንከር አየሩ የታመቀ ስለሆነ ብቻውን የገባ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በረጅም መጥረጊያ ከውጭ ማጽዳት፣ የግድ መግባት ካስፈለገም ክዳኑን ከፍቶ በቂ ጊዜ ማናፈስና ሁልጊዜ በአፉ ላይ ሰው ማቆም ያስፈልጋል። በጠባብ ታንከር ውስጥ በረኪና እየረጩ መሥራት ለትንፋሽ አደገኛ ነው።

የጠራ ውሃ ሁሉ አይጠጣም

በሻካራ አሸዋ ያለፈ ውሃ ለዓይን ጥሩ መስሎ ቢታይም ጀርሞቹን ሁሉ አላስቀረም። ለመጠጥ የሚሆነው መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይፈላል። በመሆኑም ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ፈሳሽ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መመሪያ መከተል አለበት። የደፈረሰ ውሃ የክሎሪንን ኃይል ያደክማል። የማጣሪያው ንጽሕና ለክሎሪኑም አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኃላፊው ማን ነው?

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች እጅግ ብዙ የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች በዘመቻ ተቆፍረዋል። ጥቂት የማይባሉት በአግባቡ ተይዘው ጓሮ አትክልት አልምተዋል። ብዙዎቹ ግን ውሃቸው በመስረጉ፣ ፕላስቲካቸው በመቀደዱና ደለል በመሙላቱ ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ቁፋሮው ጉልበት አላጣም፤ ያጣው ከቁፋሮው በኋላ ደለሉን በየዓመቱ የሚያወጣ ባለቤት ነበር።

በዚያው በ1995 ዓ.ም.፣ በ2003 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ በብራዚል ደረቃማ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል አንድ ሚሊዮን የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ለመገንባት ዕቅድ ተጀምሮ ነበር። እያንዳንዱ ማጠራቀሚያ 16,000 ሊትር ይይዛል። ቤተሰቡ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ስለ ውሃው አያያዝ ትምህርት እንዲወስድ ይደረጋል። በዓመታት ውስጥም የታቀደው አንድ ሚሊዮን ተሟልቷል።

ለምሳሌ ወደ ብራዚል መሄድም ግድ አይደለም። በቦረና የጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ አቀዳድና ተራ «አባ ሄሬጋ» በሚባል ኃላፊ ይመራል፤ ጉድጓዱን መጠገንና ማጽዳትም የተጠቃሚው ግዴታ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የኮንሶ ምድር «ሃርዳ» የሚባሉት ኩሬዎች በኅብረተሰቡ የጋራ ሥራ ተቆፍረው በጋራ ሥራ ይጠበቃሉ። ኩሬው የሁሉም በመሆኑ የማንም ሳይሆን አልቀረም፤ የሚጠይቅ ደንብ አለውና።

ከዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። በትምህርት ቤት፣ በጤና ኬላ ወይም በመጋዘን ጣሪያ ሥር ታንከር ሲተከል የማጽጃው ሥራ በስም የተመደበ ሰው ሊኖረው ይገባል። መሰላል፣ ቡርሽ፣ ሸራና ትርፍ ወንፊት ከታንከሩ ጋር አብረው መገዛት አለባቸው። የጀሪካኑ ፈተና የተደረገበት ቀንና የፈጀው ጊዜ በደብተር ይመዝገብ። መሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ታንከሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ደብተሩን ይጠይቅ።

የዓመቱም ሥራ በአጭሩ ሲታይ ከባድ አይደለም። በግንቦት ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ ንብርብሩና ታንከሩ በሙሉ ይጸዳሉ። በሰኔ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ይለቀቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የማስወገጃው ቱቦ ክዳን ይከፈታል፤ ወንፊቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ይራገፋል፤ የጀሪካኑ ፈተና በየሁለት ሳምንቱ ይደረጋል። በመስከረም መጨረሻ ታንከሩ ሞልቶ ሲዘጋ የማጣሪያው በርሜል ተከድኖ ይቀመጣል። በበልግ ዝናብ የሚያገኙ አካባቢዎች ከየካቲት በፊት ይህንኑ ይደግሙታል።

በምሳሌነት የተወሰደው የመካኒሳ ቤተሰብም ይህን ቢፈጽም ብረት አንሥቶ አሸዋ መውጋት አያስፈልገውም። በግንቦት አንድ ሙሉ ቀን፣ በክረምቱ ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የ200 ቀን የመጠጥና የማብሰያ ውሃውን ያረጋግጣል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደተባለው፣ አሁን በአሸንዳው ውስጥ ያለውን ቅጠል ማውጣት በጥር ጀሪካን ተሸክሞ ከመንከራተት ይቀላል። እያንዳንዱ መሪም ሥራውን በራሱ ቤት ጣሪያ ቢጀምር፣ ስብሰባ ጠርቶ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ጎረቤቱ በዓይኑ ከሚያየው ብዙ ይማራል።